የመቶ ዓመት ስም ዋስትና አይሆንም

“ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይላል ያገራችን ሰው። በስደት አገር ላቡን አንጠፍጥፎ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ወገናችን አክሲዮን ልግዛ ሲል በመጀመሪያ የሚነገረው፣ “ይህ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ ሳያጓድል ይህን ያህል ዘመን ከፍሏል” የሚል ነው። ይህ አነጋገር የት ድረስ እንደሚያዛልቅ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ታሪክ ያሳየናል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባንያው የተቋቋመው በ1892 ነው። በ1896 የዳው ጆንስ የኢንዱስትሪ መለኪያ ሲጀመር ከ12ቱ የመጀመሪያ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ከ1938 ወዲህ ለ70 ዓመታት ያህል የትርፍ ድርሻውን ቀንሶ አያውቅም። በዚህም የተነሳ ስንቱ ጡረተኛ እንደ ደመወዝ ይቆጥረው ነበር።

ይሁን እንጂ ኩባንያው አምፖልና ሞተር ከመሥራት አልፎ አበዳሪም ሆኖ ነበር። ጂኢ ካፒታል የተባለው ክፍሉ ከጠቅላላው ትርፍ ግማሽ ያህሉን የሚያስገባበት ጊዜ ነበር፤ ከሚያበድረውም ብዙውን ራሱ ለአጭር ጊዜ ይበደር ነበር። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲደርስ ይህ ምንጭ ደረቀ። በሴፕቴምበር 2008 ኩባንያው በየሩብ ዓመቱ 31 ሳንቲም መክፈሉን እስከ 2009 መጨረሻ እንደሚቀጥል አስታወቀ። በአምስት ወሩ ግን ወደ 10 ሳንቲም አወረደው። 1,000 አክሲዮን የነበረው ሰው የዓመት ገቢው ከ1,240 ወደ 400 ዶላር አሽቆለቆለ ማለት ነው።

ክፍያው ቀስ በቀስ አገግሞ 24 ሳንቲም ደረሰ። ዳሩ ግን በኖቬምበር 2017 በግማሽ ተቆረጠ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጆን ፍላነሪ፣ ኩባንያው ለዓመታት ከሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ በላይ ሲከፍል መቆየቱን በይፋ ተናገሩ። በ2018 ከዳው ጆንስ መለኪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ክፍያው ወደ 1 ሳንቲም እንደሚወርድ ተገለጸ። የ1,000 አክሲዮን ባለቤት በዓመት 40 ዶላር ቀረው። በ2024 ኩባንያው ለሦስት መከፈሉን ጨረሰ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ከፍተኛ መቶኛ አያታልለን። በዓመት 96 ሳንቲም የሚከፍል አክሲዮን ዋጋው 30 ዶላር ሲሆን 3.2 በመቶ ያስገኛል፤ ዋጋው ወደ 20 ሲወድቅ 4.8 በመቶ ይመስላል። ያደገው መቶኛው እንጂ ክፍያው አይደለም፤ ገበያው አደጋ ሸትቶት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት ገልጠን ከሥራው የገባውን ጥሬ ገንዘብ እንይ፤ ለማሽንና ለሕንጻ የወጣውን እንቀንስ፤ የቀረው የትርፍ ድርሻውን ካልሸፈነ ክፍያው የሚመጣው ከብድር ወይም ከጥሪት ነው። ሦስተኛ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል እንጠይቅ።

ውድ ወገኖቻችን፣ በለቅሶ ቤት ወይም በዕቁብ ላይ “ጥሩ ይከፍላል” ስለተባለ ብቻ የልጆቻችንን ገንዘብ አናውጣ። ወተቱን ከማመስገናችን በፊት ላሚቱ ምን እንደምትበላ እንይ።