ፓርቲሽን፦ ግድግዳው ወይስ ክፋዩ?

«መክፈል» ከሚል የላቲን ግሥ የመነጨው «ፓርቲሽን» በአማርኛ ቢሮን ወይም ሳሎንን ለሁለት የሚለይ ስስ ግድግዳ መጠሪያ ሆኖ ሲያገለግል፣ በኮምፒውተር ሙያ ግን አጥሩን ሳይሆን የተከፈለውን የሃርድ ዲስክ ድርሻ ያመለክታል። ግድግዳ ሲፈርስ ክፍሉ ወዲያው ይሰፋል፤ የዲስክ ድርሻ ሲሰረዝ ግን ድርሻዎቹ በተዘረዘሩበት የዲስኩ ሰንጠረዥ የሰፈረው ምዝገባ ብቻ ስለሚነሣ፣ ቦታው «ያልተመደበ» ማለትም ለማንኛውም ድርሻ ያልተሰጠ ሆኖ ይቀራል፣ ከፋይል ማሳያውም ስለሚሰወር ተጠቃሚው «ጠፋ» ይላል። «አጠፋ» እና «ጠፋ» ከአንድ ሥር መውጣታቸው ግራ መጋባቱን ስለሚያባብስ፣ ለድርጊቱ «መሰረዝ» ይሻላል። በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ነባሩን ድርሻ በዚህ ቦታ ለማስፋት ያልተመደበው ስፍራ ከድርሻው በስተቀኝ ተያይዞ መገኘት አለበት፤ በመካከላቸው ሌላ ድርሻ ከገባ የማስፊያው ትእዛዝ ደብዝዞ አይሠራም፣ ያን ጊዜ በቦታው ላይ አዲስ ድርሻ መፍጠር ይቀላል። «ክፍልፋይ» በሒሳብ የተያዘ ስለሆነ፣ «የአብራክ ክፋይ» በሚለው አነጋገር ሕያው የሆነው «ክፋይ» ለዲስኩ ድርሻ የሚስማማ ስም ነው፤ ግድግዳው የተውሶ ስሙን ይዞ ቢቀጥል ግን የሚጎዳ የለም።