ሰንጋ ተራ፦ ገንዘቡ ሲቆለፍ ምስሉ ሲባክን

«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ ለፊልምና ለቴሌቪዥን ባለሙያዎቻችን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በሞቱ ጊዜ ይመሰገናሉ፤ ምስጋናው ግን ከሠልስት እምብዛም አያልፍም። የሕይወት ታሪካቸው በቀብራቸው ላይ ይነበባል፣ ቴሌቪዥኑ ሁለትና ሦስት ፎቶግራፍ እያፈራረቀ ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ለመሆኑ አርባ ዓመት በካሜራ ፊት የቆመ ሰው ሲሞት ስለ ምን ምስል ይታጣለታል? ጥያቄው የለቅሶ ቤት ወግ ይመስላል እንጂ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍም ጥያቄውን ከአንድ ሰፈር ተነሥቶ ለመመርመር ይሞክራል።

ሰፈሩ ሰንጋ ተራ ነው። ስሙ እንደሚመሰክረው ሰንጋ ሲሸጥና ሲገዛበት የኖረ ስፍራ ነበር። ዛሬ በልደታ በኩል ያለው ገጽታው ሌላ ነው፤ የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ሕንፃዎች ተደርድረውበታል፣ በ2009 ዓ.ም. ለዕድለኞች ዕጣ የወጣባቸው የ40/60 ቤቶች ቆመውበታል። በአቅራቢያው 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚሁ ቁልቁል ሲወርዱ ብሔራዊ ቴአትር ይገኛል፤ ከዚያም ጥቂት እልፍ ሲሉ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ገንዘብ የሚቆለፍበት፣ ጥበብ የሚታይበትና መዝገብ የሚቀመጥበት ቤት በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ውስጥ ተሰብስበዋል። ከሦስቱ በትክክል የሚቆልፈው የመጀመሪያው ብቻ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያሳዝነው።

የመድረኩ ልጆች

ብሔራዊ ቴአትር ሕይወቱን የጀመረው በሲኒማ ቤትነት መሆኑን ብዙዎች አያስታውሱም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ፣ በፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ እጅ ተጠናቅቆ፣ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ኢዮቤልዩ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። የአገራችን የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን የመጀመሪያው ትውልድ አብዛኛው ከዚህ መድረክ የወጣ ነው።

ከእነዚህም አንዱ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። ከቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ጋር ወደ ኮሪያ ተጉዘው ሠራዊቱን በጥበባቸው ያዝናኑ ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር በነበረበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው፣ የሴት ድምፅ አስመስለው ይጫወቱ ነበር። ያን ነውር ከሰበሩት ቀዳሚዋ ደግሞ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁ ናቸው። ክራራቸውን ይዘው፣ ስድቡንና ሐሜቱን ችለው መድረኩን ለሴቶች ከፈቱት። ዛሬ በየፊልሙ ፖስተር ላይ ፊታቸው የሚታይ ወጣት ተዋንያት የሚራመዱበትን መንገድ ማን እንደ ጠረገው የሚያውቁት ስንቶቹ ይሆኑ?

መስኮቱ ሲከፈት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ከተሰናዳ ስቱዲዮ ነበር። የመጀመሪያው ባለ 35 ሚሊ ሜትር የአገር ውስጥ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተሠራውም በዚያው ዓመት ነው፤ ድርሰቱ የእላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ ሚሼል ፓፓታኪስ የደምን ካሣ ባህል መሠረት ያደረገውን «ጉማ»ን ለእይታ አበቁ። ዛሬ የአገራችን የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው። ሽልማቱን የሚያውቅ ሺህ ነው፤ ፊልሙን የተመለከተ ግን ጥቂት ነው።

በቴሌቪዥኑ በኩል ተስፋዬ ሳህሉ «አባባ ተስፋዬ» ሆኑ። ከሥርጭቱ መባቻ አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ የልጆችን ክፍለ ጊዜ መሩ። በንጉሡ ዘመን ተረታቸውን ያዳመጠ ልጅ በደርግ ዘመን አባት ሆኖ ልጁን አስቀመጠ፤ ያም ልጅ በኢሕአዴግ ዘመን እንዲሁ አደረገ። ሦስት መንግሥት ያላስማማውን ሕዝብ አንድ ሽማግሌ በተረት አስማማው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጨረሻቸው ግን አላማረም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በአንድ ዝግጅት በተሰማ ተረት ሰበብ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያ ሁሉ ትውልድ «አባታችን» እያለ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን እንባ የአርባ ዓመት ዝግጅትን አይተካም።

መንግሥታት ሲፈራረቁ

እዚህ ላይ ወደ ፖለቲካው እንገባለን። በአገራችን ቴሌቪዥንም ሆነ ቴአትር ቤት የመንግሥት አፍ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህም ባለሙያው ለጥበቡም ለአለቃውም ማደር ነበረበት። ማደር ያቃተው ዋጋውን ከፍሏል። ተስፋዬ ገሠሠ በደርግ ዘመን «ዕቃው» በተሰኘው ተውኔታቸው ሳቢያ ታሰሩ፤ ከእስር በኋላም ሙያውን ሳይተዉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍልን ካቋቋሙት አንዱ ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ«ሻፍት ኢን አፍሪካ» ከሆሊውድ ተዋንያን ጋር የተሰለፉት ደበበ እሸቱ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። እሳቸውም በ2017 ዓ.ም. ተለይተውናል። በሁለት ሥርዓት ሁለት ታላላቅ ተዋንያን ወኅኒ ወርደዋል፤ ሥርዓቶቹ ተለዋወጡ እንጂ ጥበበኛን የመፍራት ልማዱ አልተለወጠም።

የደርግ ዘመን ሌላም ትዝታ አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሰራጨት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ ከአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና ከኢሠፓ ምሥረታ በዓል ጋር ተያይዞ ነበር። ከዚያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ ዓለም የኮረምን ረሃብ ያየው ግን በእኛ ካሜራ አልነበረም፤ በኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራና በቢቢሲ በኩል ነበር። ቀለሙ ለሰልፉ ተገዛ፤ የሕዝቡን ሞት የመዘገበው ሌላ ሰው ሆነ። መሐመድ አሚን ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ሲከሰከስ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ነበር። የኮረምን ፊት ማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዛሬም የሚያንኳኳው የባዕድ ቤተ መዛግብት በር ነው።

መንግሥት ሲለወጥ የቀደመውን ምስል ማስታወስ የሚፈልግ ባለሥልጣን አይኖርም። የንጉሡ ዘመን ክር ለደርግ «አድኃሪ»፣ የደርጉ ለኢሕአዴግ «የጨለማው ዘመን» ነበር። የፊልም ኮርፖሬሽኑ በ1970ዎቹ ተቋቁሞ፣ የሰሎሞን በቀለ ወያን «አስቴር» የመሰለ ሥራ አፍርቶ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ወንበሩና ጠረጴዛው ይቆጠራል፤ ተረካቢም ይፈርምበታል። የፊልም ክር ግን የሚያረጅ፣ ሙቀትና እርጥበት የሚበላው ነገር ነው፤ ፊርማ ብቻ አያድነውም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይህ የእኛ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ቢቢሲ ራሱ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ቴፕ ውድ ስለ ነበር ብዙ ዝግጅቶቹን ደምስሶ በላያቸው ሌላ ቀርጿል። ናሳም ሰው መጀመሪያ ጨረቃን የረገጠበትን ዋና ቴፕ ደምስሷል። ልዩነቱ እነርሱ ጥፋቱን ካወቁ በኋላ የጠፋውን ፍለጋ ዓለምን መዞራቸው፣ የቀረውን ደግሞ በሥርዓት ማስቀመጣቸው ነው።

ድምፅ የተረፈላቸው

ከዕድለኞቹ አንዱ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በ1982 ዓ.ም. ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ተቀጨ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የተረከበት ድምፅ ግን ተረፈ። መጽሐፉን ሳያነብ በወጋየሁ ድምፅ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ድምፁ የተረፈው በሬዲዮ ስለ ተቀረጸ፣ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ስለ ተባዛ ነው። የወጋየሁ የመድረክ ትወና ግን ካዩት ሰዎች ጋር ቀስ በቀስ እየተቀበረ ነው። አንድን ጥበብ የሚያኖረው ብቃቱ ብቻ ሳይሆን ሳጥኑም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ሌላው ባለ ግርማ ድምፅ ፍቃዱ ተክለማርያም ነበር። ኩላሊቱ ሲታመም ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ ተዋጣ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዐረፈ። የሕዝቡ ልግስና የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ድምፁ በሺህ ቤት የተሰማ ሰው ለሕክምና እጅ እንዲያይ ያደረገው ሥርዓት አያኮራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ዐዋጁ የከዋኙን መብት በወረቀት ያውቃል። መብቱ ገንዘብ የሚሆነው ግን ሥራው መቼ፣ የትና ስንት ጊዜ እንደ ታየ የሚያውቅ መዝገብ ሲኖር ነው። ያልተመዘገበ ሥራ ክፍያ አይጠየቅበትም። እንግዲህ መዝገብ ማጣት ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለታማሚው ተዋናይም ጉዳት ነው ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

«ዳቦ በሌለበት ስለ ፊልም ክር ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። መልሴ ከሰንጋ ተራ ራሱ ይገኛል። እነዚያን ሕንፃዎች ያቆመች አገር ሙቀቱና እርጥበቱ የተመጠነ አንድ የምስል ማከማቻ ክፍል ማቆም አያቅታትም። ባንኮቹ በየዓመቱ ለማስታወቂያ ከሚያወጡት ጥቂቱን ለወመዘክር ቢያውሉት፣ የፊልም ክሮችና የቴሌቪዥን ቴፖች ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ይረዳሉ። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም በእጁ ያለውን ክምችት ዘርዝሮ ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ ቢያንስ ያለንና የሌለን ይለያል። በየቤቱ ያረጀ የቪዲዮ ካሴት ያለውም ሰው ከመጣሉ በፊት ያስብ፤ ቢቢሲ ከጠፉት ዝግጅቶቹ ጥቂቱን ያገኘው ከግለሰቦች እጅ ነውና።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ተብሏል። የአገራችንን ምስል ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያስቀምጥልን መጠበቅ ከኮረም ዘመን ያልተማርነው ትምህርት ነው። ከዚያ መድረክ የወጡት ባለሙያዎች ድርሻቸውን ተወጥተው ሄደዋል። ቀጣዩ የቀብር ሥነ ሥርዓት ከመድረሱ በፊት ሁለትና ሦስት ፎቶግራፍ ከማፈራረቅ የተሻለ ነገር ማዘጋጀት የእኛ ፈንታ ነው።

ነፍሳቸውን ይማር። ቸር ይግጠመን።