ከፍተኛ የደም ስኳር በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

ከፍተኛ የደም ስኳር የሚባለው ከምግብ የተገኘው ግሉኮስ ወደ ሰውነት ሕዋሳት መግባት አቅቶት በደም ውስጥ ሲከማች ነው። ግሉኮስን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን መልስ መስጠት ሲያቆም ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ኩላሊት ትርፉን በሽንት ሲያስወጣ ውሃም አብሮ ይሄዳል፤ ሰው ይጠማል፣ ደጋግሞ ይሸናል፣ እየበላ ይከሳል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል።

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ነገሌ ቦረና፣ ከዚያም ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ ወይም ወደ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ሲወረድ እነዚህን ምልክቶች ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። ጥማቱ በሙቀት፣ ክሳቱ በድርቅ፣ ድካሙ በመንገድ ይመካኛል። ሳንባ ነቀርሳም በእነዚህ አካባቢዎች ያለ በሽታ ነው፤ እሱም ያከሳል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ የተገኘበት ሰው ለሌላውም መመርመር ይገባዋል።

እርግጡን የሚነግረው ልኬት ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ሳይቀምሱ ጠዋት በተወሰደ ደም፣ መጠኑ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ምርመራም ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው። ምልክቱ እያለ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ መገኘቱም ያረጋግጣል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከበሽታው ጋር የሚኖሩት አዋቂዎች 1.9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ነገሌ በምግብና በውሃ ጉዳይ ስሟ በታሪክ የገባ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በከተማዋ የነበሩ የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር አምፀው፣ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራል እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ አስገደዱ፤ ክስተቱም ለአብዮቱ መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ዛሬ የአካባቢው የምግብ ጥያቄ ሌላ መልክ ይዟል። የቦረና አርብቶ አደር ዋና ምግቡ ወተት ነበር፤ ቡናውን እንኳ ከነገለባው በቅቤ ጠብሶ በክብር ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። እንደ ዱብሉቅ ባሉ ቦታዎች በመጠለያ የሰፈረው ሕዝብ ከወተት ወደ እርዳታ ስንዴና በቆሎ ተሻገረ። በየከተማው ደግሞ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ የዕለት ቀለብ ሆነዋል። ከብት እየተከተለ ቀኑን ሙሉ ይጓዝ የነበረ ሰው በሱቅና በመናኸሪያ ተቀምጦ መዋል ሲጀምር፣ ጡንቻው ያቃጥለው የነበረው ግሉኮስ በደሙ ውስጥ ይቀራል።

ሻዩን ብቻ ነጥሎ ማየት ብዙ ያስረዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በስኒ አራት ማንኪያ እያደረገ በቀን አምስት ስኒ የሚጠጣ ሰው 80 ግራም ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 50 ግራም አካባቢ ነው፤ ቢቻል ደግሞ ግማሹን። ከጫት ጋር የሚጠጣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ይጨምራል። ጫቱ የምግብን ሰዓት ያዛባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም። ሰውን ከሻይ ጨርሶ መለየት አስፈላጊ አይደለም፤ ማንኪያውን በየሳምንቱ እየቀነሱ ምላስን ማስለመድ ይቻላል።

የስኳር ሕመም የጠገበ ሰው በሽታ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በቆላው ብዙ ጉዳት ያደርሳል። በጎንደር ዙሪያ ገጠር የሠሩ ሐኪሞች በድህነት ያደጉ፣ ቀጫጭን ሆነው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም ሕመሙ ከተመጣጠነ ምግብ እጥረት ጋር ያለው ዝምድና እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው አካትቶት በ1999 አውጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ድርቅ ደጋግሞ የሚመታው የቦረናና የሊበን ቆላ ይህን ግኝት በቅርብ ሊከታተለው ይገባል፤ በከሳ ሰው ላይ ስኳርን አለመጠርጠር ሕይወት ያስከፍላል።

አያያዙ ምግብን፣ እንቅስቃሴን፣ መድኃኒትን፣ እንቅልፍንና የመንፈስ ጭንቀትን አንድ ላይ የሚያይ መሆን አለበት። ከብቱ ያለቀበት ሰው ሐዘኑ ራሱ የጭንቀት ሆርሞኖችን በመጨመር ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። በገበታ ላይ የሩዝን ወይም የገንፎን መጠን ቀንሶ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመንና ሥጋ ማስጠጋት፣ ከምግብ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር መጓዝ ጥቅማቸው የተረጋገጠ ነው። ቀትር ላይ መሄድ በዚህ አየር አደገኛ ስለሆነ ማለዳና አመሻሽ ይመረጣል።

በአካባቢው ሁለት ነገሮች በመድኃኒትነት ይነሳሉ፤ የግመል ወተትና ሽፈራው። በሕንድ ራጃስታን ግመል አርቢ በሆኑትና ወተቱን በሚጠጡት ራይካዎች መካከል ስኳር እንደማይታይ ተዘግቧል፤ እዚያው በጥቂት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የግመል ወተት የሚያስፈልገውን የኢንሱሊን መጠን ቀንሷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ወተቱም የራሱ ስኳር ስላለው ከዕለቱ ምግብ ጋር መቆጠር አለበት። የኮንሶና የጋሞ ሰዎች የሚመገቡት ሽፈራው ቅጠሉ ድንቅ ጎመን ነው፤ የደም ስኳር መቀነሱ የታየው በዋናነት በቤተ ሙከራ እንስሳት ነው። ሁለቱንም መመገብ መልካም ሆኖ፣ በእነሱ ተማምኖ የስኳር ክኒን የሆነውን ሜትፎርሚንን ወይም ኢንሱሊንን ማቋረጥ ግን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ለቆላው ትልቁ ፈተና የኢንሱሊን ማስቀመጫ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ጭራሹን በሌለበት መንደር ይህ አይገኝም። እዚህ ላይ መልሱ የመጣው ከጎረቤት ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ ዳዳብ፣ በዳጋሃሌ የስደተኞች ጣቢያ ቤቶች ውስጥ ያለውን ሙቀት ለኩ፤ ከዚያም ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት ቢቀመጥ ኃይሉን እንደማያጣ በቤተ ሙከራ አረጋገጡ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ ደግሞ በትነት ይቀዘቅዛል፤ የቆላው ደረቅ አየር ይህን ያግዘዋል። ብልቃጡን ፀሐይ ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ መተው፣ ከበረዶም ጋር ማነካካት ያበላሸዋል።

እግርም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የግራር እሾህ ቢወጋም አይሰማም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ መግሎ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ጣትን ያልሸፈነ በረባሶ በእሾሃማ መሬት አይበቃም። ዘወትር ማታ እግርን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ውስጥ እግርን በሌላ ሰው ዓይን ጭምር ማየት ያስፈልጋል።

በጾም ወቅት፣ በተለይ በረመዳን፣ ኢንሱሊን ወይም ቆሽትን የሚያነቃቃ ክኒን የሚወስድ ሰው ወሩ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከጤና ባለሙያ ጋር ማስተካከል አለበት። ጣትን በመርፌ ወግቶ ደምን መለካት ጾም አይፈታም። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ወዲያው መፍታት ይመከራል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ስኳር የመውረዱ ምልክት ነው፤ ያኔ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት መድኃኒት ነው። በተቃራኒው ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን ትንፋሽና የበሰለ ፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ደሙ በአሲድ መመረዙን ስለሚያመለክት፣ ታማሚው ቀኑ እስኪበርድ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።