ትንበያና ግምት

በነሐሴ 1994 ዓ.ም. ሰሜን አፋር በተከታታይ ሲናወጥ ንዝረቱ መቐለ ድረስ ዘልቆ ነበር። አደይ የምንላቸው ጎረቤታችን ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንኳኩ ሰምተው፣ ነጠላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ግቢ ወጡና «ምድሪ ተንቀጥቂጣ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ወደይ፣ መዓዝ እዩ ዝደግም?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ልጄ፣ መቼ ነው የሚደግመው ማለታቸው ነው።

የአደይን ቃል አማርኛም ይጋራዋል። ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ የመታው ሕፃን ይንቀጠቀጣል፣ መሬትም እንዲሁ። ቃሉ ራሱ ቀጥ ቀጥ እያለ ይደጋግማል። ግእዝ «ድልቅልቅ» ይላል፤ እዚያም ልቅ ልቅ አለ። ቃላቱን ያወጡት ሰዎች መሬት አንዴ ነቅነቅ ብላ እንደማትተው በጆሯቸው ያወቁ ይመስለኛል። «ርዕደ መሬት»ም በፍርሃትና በረዓድ ስንል ከምናነሣው ረዓድ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ «ትንበያ» ነው። ሥሩ ነቢይ ነው፤ በዕብራይስጥ ናቪ፣ በዐረብኛ ነቢ፣ በአካድኛም ናቡ ማለት መጥራት ነው። «ተነበየ» ለመጻሕፍት ትንቢትን፣ ለሬዲዮ የአየር ትንበያን ሰጠ። ለዝናብ ይሁን፤ ደመናው ከሩቅ ይታያል። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀን፣ ቦታና ጉልበት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ ግን እስካሁን የለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቻይናውያን የሃይቼንግ ከተማን ሕዝብ ከመንቀጥቀጡ ቀድመው አስወጥተው ብዙ ነፍስ አተረፉ፤ በዓመቱ ግን ሌላዋ ከተማቸው ታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ ፈረሰች፣ በመንግሥት ቁጥር እንኳ ከ240 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

ባለሙያዎች በደንብ የሚያውቁት ቦታውን ነው። ከመቐለ በስተ ምሥራቅ ተዳፋቱ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ምድር የምትሰነጠቀው እዚያ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቷል።

ስለዚህ ቦታውን እንጂ ቀኑን ለማያውቀው ለባለሙያዎቹ ሥራ ከ«ትንበያ» ይልቅ «ግምት» ይሻላል ባይ ነኝ። ድሮ ገማቹ ማሳ ዳር ቆሞ ሰብሉን አይቶ አሥራቱን ይወስን ነበር፤ ፍሬውን አንድ በአንድ አይቆጥርም፣ የሚያየውን ግን ያውቃል። «ማስጠንቀቂያ»ም ደህና ቃል ነው፤ ግእዙ «ጠንቀቀ» አጥርቶ ማወቅንና መጠንቀቅን አንድ ላይ ይዟል።

ያኔ ለአደይ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢጠይቁኝም ቀን አልነግራቸውም፤ ቡፌያቸውን ከግድግዳው ጋር በሽቦ አስርላቸዋለሁ።