የደም ዓይነት አለመጣጣም
ለታካሚ የተሰጠ ደም ከራሱ የደም ዓይነት ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚከሰት፣ ሕይወት ሊቀጥፍ የሚችል ችግር። ለኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ምደባ መሠረት የጣለው ካርል ላንድስታይነር ነው (ቪየና፣ 1901 እ.ኤ.አ.)። የኦ ሰው ፕላዝማ ፀረ ኤ እና ፀረ ቢ የተባሉ ፀረ እንግዳ አካላት ስላሉት፣ የኤ ደም ቢሰጠው የተለገሱት ቀይ የደም ሕዋሳት እዚያው ደም ሥር ውስጥ ይፈርሳሉ፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ ሕመም፣ የደም ግፊት መውረድና የሽንት መቅላት ይከተላሉ። ማደንዘዣ የወሰደ ታካሚ ግን ሕመሙን መናገር አይችልም፤ በእሱ ላይ የሽንት መቅላትና ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት ብቻ ሊታዩ እንደሚችሉ ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የስም ወይም የናሙና መሳሳት ነው። ምልክቱ እንደታየ ደሙን ወዲያው ማቆም፣ መስመሩን በኖርማል ሳላይን ክፍት ማድረግ፣ የታካሚውን ማንነት ከደም ከረጢቱ መለያ ጋር ዳግም ማመሳከር ይገባል።