ከመኪና አፍንጫ የተንጠለጠለው ገመድ

በበረዶው ወራት ኤድመንተን፣ ዊኒፔግ ወይም ፌርባንክስ የገባ ሐበሻ ከሚገርሙት ነገሮች አንዱ ከመኪኖች አፍንጫ የተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እንዳይመስላችሁ። መኪናው ቤንዚን ጠጪ ነው፤ ገመዱ ሞተሩን የሚያሞቅ ነው።

ይህ ገመድ ከመምጣቱ በፊት ምን ይደረግ ነበር? ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲወርድ ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪ ይደክማል፣ ሞተሪኖው ያቃስታል እንጂ አያስነሳም። ስለዚህ ገበሬው ማታ ዘይቱን ቀድቶ ቤት ያስገባል፤ ጠዋት ምድጃ አጠገብ አሙቆ ይመልሰዋል። ሌላው ኮፈኑን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። የባሰበት ደግሞ ፍም ከሞተሩ ሥር ያስቀምጣል። ፍሙ ሞተሩን ከማስነሳት ይልቅ መኪናውን የሚያነድበት ጊዜም አይጠፋም።

መፍትሔው የመጣው ከዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች አልነበረም። አንድሩ ፍሪማን የሚባል ሰው በሰሜን ዳኮታ፣ ግራንድ ፎርክስ፣ የገጠር ኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሞተሩ ቴስታታ አንዱን ቡሎን ፍታ፤ በምትኩ ውስጡ ክፍት የሆነና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለበት ቡሎን እሰር። ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1949 ነው።

በኋላ ማሞቂያው ቦታ ቀየረ። የሞተር ብሎክ ጎን ላይ ክብ የብረት ክዳኖች አሉ፤ ብሎኩ ሲቀለጥና ሲቀረጽ ከቀሩ ቀዳዳዎች ላይ የተገጠሙ ናቸው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ይወጣና ማሞቂያው ይተካል፤ የራዲያተሩን ፈሳሽ ያሞቃል፣ የሞቀው ፈሳሽ ወደ ላይ እየወጣ ሙቀቱን ያዳርሳል። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ጫፍ ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ ወይም ኮፈኑን ከፍታችሁ ፈልጉ። ገመድ መኖሩ ግን ማሞቂያው ይሠራል ማለት አይደለም፤ መካኒክ ይለካው። አዲስ ሲገጠም ፈሳሹ ተቀድቶ፣ ተመልሶ ተሞልቶ፣ አየሩ እስኪወጣ ድረስ አይሰካ፤ በደረቁ ከተሰካ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህን ታሪክ ሰዎች የአንድ ብልህ ሰው ፈጠራ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን ከቡሎኑ ይልቅ ሽቦው ይገርመኛል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የአሜሪካ እርሻ ቤቶች መብራት የነበረው አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ኩባንያዎቹ መልሳቸው «አያዋጣም» ነበር፤ ገበሬው ተራርቆ ነው የሚኖረው። በ1935 መንግሥት የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ብድር ወስደው፣ ምሰሶ ተከሉ። ያ ሽቦ ጎተራው ድረስ ባይደርስ የፍሪማን ቡሎን ተራ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚያ ከተሞች ታክሲ የሚነዳው፣ ሌሊት የአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራው ወገናችን እንጀራው የተንጠለጠለው ጠዋት መኪናው በመነሣቱ ላይ ነው። ብዙው ግን ተከራይ ነው። መኪናው ማሞቂያ ቢኖረውም የሕንፃው ማቆሚያ ሶኬት ከሌለው ገመዱ ጌጥ ነው። አከራዩን ብቻውን የጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ያው የድሮው ነው፦ «አያዋጣም»።

መልሱም ያው የድሮው ነው። ሞተሩን ለማሞቅ ጥቂት ሰዓት በቂ ነው፤ ሰዓት መቁጠሪያ ያለው ሶኬት ወጪውን የበለጠ ይቀንሳል። ይህን ስሌት ይዛችሁ፣ ከሐበሻውም ከሌላውም ጎረቤት ጋር በአንድ ወረቀት ፈርማችሁ ጠይቁ። በረዶው ሳይመጣ፣ በመስከረም።