«ማስታመም» እያለልን

ወረቀቱ በሩ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። «የሕይወት ፍጻሜ ክብካቤ ክፍል» ይላል። በሩ ፊት የጎረቤቴ ልጅ እናቷን ደግፋ ቆማለች፤ እኔ የምርመራ ውጤት የታጨቀበትን ፌስታል አንጠልጥዬ ከኋላቸው ነኝ። ሐኪሙ ወደዚህ የላካቸው ለወገባቸው ሕመም ነው። ካንሰሩ አጥንት ነክቷል፣ ሌሊት አያስተኛቸውም። ልጅቷ ጽሑፉን አነበበች፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ እናቷን ቀስ አድርጋ አዞረቻቸው። «እማዬ፣ ተሳስተው ነው የላኩን።» እናት ፊደል አልቆጠሩም። «ደግ» ብለው ተከተሏት።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ። በየ4 ሰዓቱ የምትወሰድ የሞርፊን ሽሮፕ ከበሩ ወዲያ ነበረች።

ወረቀቱን የጻፈው ሰው ክፋት አላሰበም። ሐኪሞች «ፓሊየቲቭ ኬር» የሚሉትን በአማርኛ ልበል ብሎ ነው። ነገሩን አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁታል፦ በሽታው ይዳንም አይዳንም የታማሚውን ሥቃይ፣ ጭንቀቱንና የቤተሰቡን ድካም አብሮ የሚያክም የሕክምና ዘርፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህ አገልግሎት እንደሚያስፈልገውና የሚያገኘው 14 በመቶው ብቻ እንደሆነ ይገምታል። እኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል።

«ፍጻሜ» የሚለው ግን ከጆሮ መክበዱ ብቻ ሳይሆን ስሕተትም ነው። ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የጄኒፈር ተመልና የባልደረቦቿ ጥናት ይህን የ«ፍጻሜ» አስተሳሰብ ክፉኛ አናግቶታል። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር የተገኘባቸውን 151 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሾቹ ከካንሰር ሕክምናው ጎን ለጎን ገና ከጅምሩ ፓሊየቲቭ ኬር አገኙ። እነሱ የተሻለ ኑሮ ኖሩ፣ ድባቴውም ቀነሰላቸው። ከዚያ በላይ ሰው ያስገረመው፣ በመጨረሻው ሰሞን ከባድ ሕክምና የወሰዱት ከእነሱ ወገን ያነሱ ሆነው ሳለ የኖሩት መካከለኛ (ሚዲያን) ጊዜ 11.6 ወር መሆኑ ነው፤ የሌሎቹ 8.9 ነበር። ዕድሜ የማርዘሙ ነገር በኋላ በመጡት በብዙዎቹ ጥናቶች አልተደገመም። ኑሮን ማሻሻሉ ግን ደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ ሕክምናው መጀመር ያለበት በሽታው በታወቀ ሰሞን ነው። በሩ ላይ «ፍጻሜ» ብለን ከለጠፍን ማን በጊዜ ይገባል?

ስም ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለኝ፣ የሂዩስተኑ ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 የፓሊየቲቭ ኬር ክፍሉን ስም «ሰፖርቲቭ ኬር» ብሎ ለወጠው። ሥራው ያው ሥራ ነው። በስሙ ለውጥ ማግሥት ወደ ክፍሉ የተላከው ታማሚ ቁጥር ግን በ41 በመቶ ጨመረ።

እንግዲህ ቃል ስንፈልግ የቀረቡልንን እንያቸው። የፈረንጁ ቃል ሥሩ የላቲን «ፓሊየም» ነው፤ የሚደረብ ካባ ማለት። ስሙን ያወጣለት ባልፎር ማውንት የሚባል ካናዳዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሞንትሪያል ላይ። «ሆስፒስ» እንዳይለው ቃሉ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ጆሮ የችግረኛ መጠለያ መስሎ ይሰማ ነበር። እሱም ከስም ጋር ሲታገል የነበረ ሰው ነው ማለት ነው። በካባው መንገድ ከሄድን «ጋቢ ማልበስ» ልንል ነው፤ ቆንጆ ነው፣ ግን ሰው ጋቢ ይዞ እንዳይመጣ እፈራለሁ።

«የማስታገሻ ሕክምና» የሚለው በሰፊው ተለምዷል፤ ቃሉም ቤተኛ ነው። ታገሠ፣ አስታገሠ፣ ማስታገሻ። ችግሩ ቦታው ተይዟል። ማስታገሻ ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚጠየቅ ክኒን ነው። እንዲያውም «ማስታገሻ ብቻ ሰጥተው ሸኙኝ» ስንል አማርረን ነው፤ ሕመሜን አላገኙልኝም ማለታችን ነው። የክፍሉ ስም ገና ከበሩ የታማሚውን ቅሬታ ይዞ ሊጠብቀው አይገባም።

«ድጋፋዊ ክብካቤ» የሂዩስተኑ ግልባጭ ነው። ይህን «-አዊ» የሚሉትን ጭራ በየቃሉ መቀጠል መቼ እንደሚበቃን እንጃ። ድጋፍ ለኛ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፣ የድጋፍ ሰልፍ ነው። ክብካቤው ደግሞ ለጸጉርም ለመኪና ቀለምም አለ።

እኔ የምለው ይሄን ሁሉ ስናማርጥ አያቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ቃል ደጃፋችን ላይ ተቀምጧል፦ ማስታመም።

አሠራሩን ተመልከቱት። ታመመ ካልን በኋላ «አሳመመ» ብንል ሌላውን ለሕመም ዳረገ ማለት ነው። «አስታመመ» ስንል ግን ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ከታመመው ጎን ሆኖ ሕመሙን አብሮት አለፈ ማለት ሆነ። ታረቀና አስታረቀን አስቡ። አስታራቂ ዕርቁን ራሱ አይታረቅም፣ መሐል ሆኖ ሰዎቹን ያደርሳል። አስታማሚም ሕመሙ የእሱ አይደለም፤ ግን አይሄድም። የትኛው ተርጓሚ ነው ይህን በአንዲት ግሥ የሚያሳካው?

ደግሞ ቃሉ የታማሚውን መጨረሻ አይናገርም። «አስታምማ አዳነችው» እንላለን፣ «አስታምሜ ቀበርኩ»ም እንላለን። ለሁለቱም ይሆናል፤ በቦስተኑ ጥናት የታየውም ይኸው ነው፣ መጨረሻውን ሳይጠብቁ ከመጀመሪያው አብሮ መሆን። አሮጌ መኪና ያለው ሰው «እያስታመምኩ ነው የምነዳት» ይላል። አላዳናትም፣ አልጣላትምም። በሰው አገር ያለው ደግሞ፣ ሪያድ ይሁን ዋሽንግተን፣ መርዶ ሲደርሰው የሚያንገበግበው «እናቴን ሳላስታምም» የሚለው ነው። ይህን ያህል ክብደት ያለውን ቃል ትተን «ፍጻሜ ክብካቤ» ማለት ለእኔ ንብረቱን የረሳ ሰው ብድር ሲጠይቅ እንደማየት ነው።

ክርክር አላጣሁም። ሐሳቤን ለክፍሉ ነርስ ሳጫውታት ፊቷ አልፈታም። «አስታማሚማ ምሳ ይዞ የሚመጣው ቤተሰብ ነው። እኔ ተምሬ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የአስታማሚ ካርድ የሚሰጠው ለዘመድ ነው። መልሴ፦ ዘርፉን «የማስታመም ሕክምና» እንበለው፣ ባለሙያዋን «የማስታመም ሕክምና ነርስ»፤ አስታማሚነቱ ለቤተሰቡ ይቆይለት። ሁለቱን አንድ ሥር ቢያገናኛቸው ደግሞ ምን ነውር አለው? ለልጅቷ የሽሮፑን ልክ በሲሪንጅ እየሰፈረች ያሳየቻት እሷው አይደለችም? ማስታገሻ መድኃኒቱን ይሰይም። የመጨረሻዎቹ ቀናት እንክብካቤም በቦታው የራሱ ስም ይኑረው፣ አልቃወምም። ሆስፒስም ሆስፒስ ይባል፤ ፋርማሲን ተቀብለን የለ።

አዎ፣ እናትየው በኋላ ገብተዋል። ልጅቷን ያሳመናት ሐኪሙ ነው፣ ለብቻዋ ጠርቶ። በገቡ በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ተኝተው አደሩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «የማስታመም ሕክምና» ብዬ ጽፌ ለነርሷ ወሰድኩላት። ራቅ አድርጋ ይዛ አየችው።

«ቀስትም አድርግበት» አለችኝ። «ሰው በዚያኛው ኮሪደር እየዞረ ይጠፋል።»